ለጂኤምሲው ምን እንጻፍለት?

እንጀራዬ ስቲከር ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ትንሽ የማስታወቂያ ሱቅ አለኝ። የሬስቶራንት መስታወት፣ የሠርግ ባነር፣ የጽዳት ድርጅት መኪና በር ላይ የሚለጠፍ ስልክ ቁጥር፤ ፕሎተሩ ይቆርጣል፣ እኔ እለጥፋለሁ። ስለዚህ ስቲከርን ማማት አያምርብኝም። ግን አንድ የድሮ የጦር መኪና ላይ ስሠራ ከርሜ አቋም ይዣለሁ። ታድሶ የቆመ ወታደራዊ መኪና ላይ የሚጻፈው በቀለም ነው። ስቲከርም የራሱ ቦታ አለው፣ እመለስበታለሁ።

መኪናው ጂኤምሲ ነው። ሙሉ መጠሪያው ሲሲኬደብሊው ይባላል። ሁለት ተኩል ቶን ጫኝ፣ በሦስቱም አክስል የሚጎትት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር። ከ1941 እስከ 1945 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ለእኛ ሰው ባጭሩ ለማስረዳት፣ ኦራል ለደርግ ጦር የነበረውን ያህል ጂኤምሲው ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ነበር። ራሽን፣ ቤንዚን፣ ጥይት፣ ሰው፣ የማይጭነው ነገር አልነበረም።

ባለመኪናው ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ጥቁር አሜሪካዊ፣ ሰባዎቹን ያጋመሱ፣ ረጋ ያሉ ሰው። አባታቸው በጦርነቱ ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ጂኤምሲ ነድተዋል። ይህንን መኪና ግን ያገኙት እዚሁ አሜሪካ፣ ከአንድ እርሻ ጓሮ ነው። እኔ ዘንድ የመጡት ሥራው ሊያልቅ ሲል ነበር። የባትላሜው ሥራ ተጠናቋል። ስቱኮው ተልጓል፣ አንቲረስቱ ተረጭቷል፣ ከላዩ ያ የማያበራ የወይራ አረንጓዴ ተቀብቷል። ከውጪ ከሚታየው አንድ ቦታ ብቻ ሆን ብለው ሳይነኩ ትተዋል፤ የኮፈኑን የግራ ጎን። እዚያ ላይ አሮጌው ቀለም እንዳለ ነው።

«ከሥሩ ቁጥር ሊኖር ይችላል» አሉኝ። «ቁጥሩን ሳላይ ምንም አልጽፍም።»

ያኔ ነው ደንበኛዬን የወደድኳቸው።

የጦር መኪና ጽሑፍ የሥራ መረጃ ነው። ማንም ለውበት ብሎ አልጻፈውም። ነጩን ኮከብ እንውሰድ። በ1942 የአሜሪካ ጦር መኪና ሁሉ መለያ ሆነ። መልእክቱ አንድ ነው፤ የራሳችን ነው፣ እንዳትተኩሱ። ችግሩ ከሩቅ ሲታይ ነው። አምስቱ ጫፎች ይደበዝዙና ኮከቡ የጀርመኖችን መስቀል ይመስላል። ስለዚህ በ1943 ሲሲሊ ላይ ሲዘምቱ ዙሪያውን ነጭ ክብ ጨመሩበት። ፎቶ ላይ ክቡ እዚህም እዚያም የተቆራረጠ ሆኖ ይታያል። ዛሬ ያንን እንደ ልዩ ዲዛይን የሚያየው አለ። ነገሩ ቀላል ነው። ስቴንስሉ (ቅርጹ ተቆርጦ የወጣለት፣ ቀለም የሚመታበት ሉህ) ተበጥሶ እንዳይወድቅ የያዙት ድልድዮች የተዉት ክፍተት ነው። የሚሞላው ሰውም ጊዜም ስላልነበረ እንደዚያው ቀረ። ግንባር የደረሱ አንዳንድ ወታደሮች ደግሞ ኮከቡን በጭቃ ይለቀልቁት ነበር። ለወገን የታሰበው ምልክት ለጠላት ተኳሽም ጥሩ ዒላማ ሆኖ ተገኝቷላ።

ከዚያ የምዝገባ ቁጥሩ አለ፤ በእኛ አነጋገር ታርጋው። የሚጻፈው የኮፈኑ ጎንና ጎን ላይ ነው። የመጀመሪያው አኃዝ የመኪናውን ዓይነት ይናገራል። 4 ከሆነ ጂኤምሲው ያለበት የመካከለኛ ጭነት መኪና ምድብ ነው። መጨረሻ ላይ ኤስ የምትል ፊደል ካለች ሞተሩ ሬዲዮ እንዳይረብሽ ተደርጓል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ቁጥር የሚጻፈው ድፍርስ ባለ ሰማያዊ ቀለም ነበር። በአረንጓዴ ላይ ድፍርስ ሰማያዊ! ቅርብ ሆኖ ላየው ይነበባል፤ ከራቁ የለም። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ በድሮ ፎቶ ኮፈኑ ባዶ የሚመስል መኪና ሁሉ ቁጥር አልነበረውም ማለት አይደለም። በኋላ ነጩ ተተካ።

ፓራውልቱ ላይ የሚጻፈው የባለቤትነት አድራሻ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበብ መጀመሪያ ትልቁ ክፍል፣ ቀጥሎ ሬጅመንቱ ወይም ሻለቃው፣ ከዚያ ሻምበሉ፣ በመጨረሻ መኪናው በሻምበሉ ውስጥ ያለው ተራ ቁጥር። አንድ ወታደራዊ ፖሊስ መንታ መንገድ ላይ ቆሞ ይህን አንብቦ ኮንቮይ ይለያል። የጠላት ሰላይም ያነበዋል። ስለዚህ ሳንሱሩ ፎቶዎቹ ላይ ፓራውልቱን ይፍቀው ነበር። ዛሬ መኪና የሚያድስ ሰው ማስረጃ ፍለጋ ፎቶ ሲያገላብጥ ኮከቡን ያገኛል፣ የሹፌሩን ፈገግታ ያገኛል፣ በጣም የሚፈልጋትን ቦታ ግን ተፍቃ ያገኛታል።

እኔ የምወዳቸው ትንንሾቹን ነው። ጎማው አጠገብ «ቲፒ 55» የሚል አለ። የጎማው ንፋስ 55 ይሁን ማለት ነው። መኪናውን አይቶት የማያውቅ ሹፌር በሌሊት ቢረከበው ማንንም አይጠይቅም። ፊት ለፊት ደግሞ ቢጫ ክብ ውስጥ ጥቁር ቁጥር ይቀባል። ይህ የክብደት ደረጃው ነው። ድልድዩ አፍ ላይም ቁጥር ተተክሏል። የመኪናህ ቁጥር ከድልድዩ ከበለጠ አትሻገርም፣ በቃ። ቋንቋ አያሻውም። በምልክት ሥራ ስኖር ከዚህ የተሻለ ምልክት ያየሁ አይመስለኝም።

አሁን ወደ አሠራሩ። ለምን ስቲከር አይሆንም ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምሰጠው መልስ የሙያ ነው። የማያበራ ቀለም ገጹ ሻካራ ነው። ለዓይን ልስልስ ይመስላል እንጂ ስቲከሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቀመጥበትም። ከሥሩ አየር ይይዛል፣ ፀሐይ ሲመታው ነጣ ያለ ጥላ ያወጣል። ጠርዙ አቧራ ይሰበስባል። ደግሞ በጣም ቀጥ ያለ ነው። ፊደሉ ሁሉ እኩል፣ ጠርዙ ሁሉ ምላጭ። ያኔ የነበረው ሥራ እንዲህ አይደለም። ዳያግራፍና ማርሽ የሚባሉ የሴንት ሉዊስ አካባቢ ኩባንያዎች የስቴንስል መቁረጫ ማሽን ይሠሩ ነበር። ጎማውን አዙረህ ፊደሉ ላይ ታቆማለህ፣ እጀታውን ትጫናለህ፣ ዘይት የጠጣው ካርቶን ላይ ፊደሉ ይቆረጣል። የቀረው የወታደሩ እጅ ነው። አንዱ ተጠንቅቆ ይቀባል፣ ሌላው ምሳ ሰዓት ደርሶበታል።

ፕሎተሬን ግን አላባረርኩትም። ለትልቁ ኮከብ በቀላሉ የሚላቀቅ የጭንብል ፕላስቲክ ቆርጬበታለሁ፤ ቀለሙ ይሞላዋል፣ ፕላስቲኩ ይነሳል። ኮከቡን ራሱን መጀመሪያ በሲባጎና በእርሳስ ነው የነደፍኩት፣ ለደስታዬ ያህል። ክብ ትሠራለህ፣ አምስት ቦታ እኩል ትከፍላለህ፣ አንድ አንድ እየዘለልክ በመስመር ታገናኛለህ። የውስጠኛው ማዕዘን ርቀት ሁልጊዜ የውጪው 0.382 ነው። ከመሐል እስከ ጫፉ 10 ኢንች ከሆነ ከመሐል እስከ ውስጠኛው ማዕዘን 3.82 ነው። ከዚህ ከወጣ ኮከቡ ወይ ይወፍራል ወይ ይከሳል። የወፈረ ኮከብ የተቀባ የጦር መኪና አንዴ ካያችሁ በኋላ ዓይናችሁ ሌላ ነገር አያይም።

ለትንንሾቹ ጽሑፎች ካርቶንና ቡሩሽ ነው የተጠቀምኩት። ይህን ያየሁት አዲስ አበባ ነው። አጎቴ የቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ያትም ነበር። ለውጭ የሚላከው 60 ኪሎው ጆንያ ላይ የላኪው ስም፣ የቡናው ዓይነት፣ የሎት ቁጥሩ በስቴንስል ይመታል። አጎቴ «የጠገበ ቡሩሽ ፊደል ያሰክራል» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ቡሩሹን ቀለም ውስጥ ጫፉን ብቻ ነከር ታደርጋለህ። ከዚያ ካርቶን ላይ ደረቅ እስኪመስል ታብሰዋለህ። ስትቀባ አትጎትተውም፤ ቀጥ አድርገህ ትመታዋለህ፣ ከጠርዙ ወደ መሐል። አንዴ ወፍራም ከመቀባት ሁለቴ ስስ ይሻላል። ቀለሙ ከበዛ በስቴንስሉ ሥር ይገባና ፊደሉ ጢም ያበቅላል። የጭንብል ፕላስቲኩንም ቀለሙ ጨርሶ ሳይደርቅ ነው የሚነሱት፣ ወደ ኋላ አጥፎ በቀስታ። ደርቆ ካደረ ጠርዙን ይዞት ይመጣል።

(በመካከል አንድ የፊደል ነገር። እንግሊዝኛው ውስጡ ተዘግቶ የሚወድቅበት ፊደል ጥቂት ነው። የእኛ ግን መ፣ ወ፣ ቀ፣ ዐ፣ ፀ እያለ ይቀጥላል። ሆዳቸው ስቴንስሉ ላይ ያለ ድልድይ አይቆምም። የአማርኛ ስቴንስል ፊደል በወጉ የሚነድፍ ሰው ቢገኝ እኔ የመጀመሪያው ገዢ ነኝ።)

ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚንሸራተተው ቀጭኑ ዲካል ግን ይፈቀዳል። ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያሉ ትንንሽ የመመሪያ ጽሑፎች በዚያን ዘመንም በዲካል ይሠሩ ነበር። መጀመሪያ ቦታው ላይ የሚያበራ ቫርኒሽ፣ ከዚያ ዲካሉ፣ ሲደርቅ ከላይ የማያበራ። የሚያበራውን ዘለህ በቀጥታ ሻካራው ላይ ካስቀመጥከው እንደ ስቲከሩ ነጭ ጥላ ያወጣል።

ኮፈኑን የፈተግነው አብረን ነው። ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ የሳሙና ውሃ፣ ትዕግሥት። ማሽን አይነካውም። የላዩ ጥቁር አረንጓዴ የእርሻው ዘመን ነው። ከሱ ሥር ቀይ ወጣ። ደማቅ ቀይ፣ በላዩ ላይ የወርቅማ ፊደል ጭራ። ከጦርነቱ በኋላ ጂኤምሲዎች በርካሽ ተሽጠው በየገጠሩ የበጎ ፈቃደኞች እሳት አደጋ መኪና ሆነዋል፤ ይኸኛውም አንዱ ነበር። ባለመኪናው ቀዩን ሲያዩ ወረቀቱን አስቀመጡና ትንሽ ቆሙ። የአንድ መንደር ሰው በዚህ ቀለም ቤቱ ከእሳት ተርፎ ይሆናል። ልንፍቀው ነው እንግዲህ። በመጨረሻ በወንበሩ ሥር ያለውን ቀይ እንዳለ ለመተው ተስማማን። እዚያ አረንጓዴ አልተቀባም።

ከቀዩ ሥር የመጀመሪያው አረንጓዴ፣ እዚያ ላይ ነጭ። መጀመሪያ 4 ወጣች። ከዚያ ሌሎች ተከተሉ፣ ደብዘዝ ብለው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የነበሩበት ቦታ ግን በዝገት ተበልቶ በስቱኮ ተሞልቷል። ከዚያ ማዶ ኤስ።

በዚህ ሥራ ያሉ ብዙ ሰዎች «ሁለት ቁጥር ጨምርበትና ጨርስ፣ ማን ያውቃል» ይላሉ። እኔ ክፍተቱን ክፍት እንተወው አልኩ፤ ባለመኪናውም ሳያቅማሙ እሺ አሉ። አሁን ኮፈኑ ላይ ያለው ያገኘነው ብቻ ነው። መሐሉ ላይ ሁለት ፊደል የሚያህል ባዶ አረንጓዴ አለ። ሰው ሁሉ ቀለሙ የተላጠ መስሎት ይጠይቃል።

የከበደን ፓራውልቱ ነው። ባለመኪናው የአባታቸውን ሻምበል መለያ በወረቀት ጽፈው ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ነበር የሚዞሩት። አባታቸው የሬድ ቦል ሹፌር ነበሩ። ታሪኩን ለማያውቀው፤ የተባበሩት ኃይሎች ኖርማንዲን ሰብረው ሲወጡ ጦሩ ከቤንዚኑ ቀድሞ ሮጠ። የፈረንሳይ ባቡር ሐዲድ ደግሞ በቦምብ ፈርሷል። ስለዚህ ከኦገስት 25 ቀን 1944 ጀምሮ ለጭነት መኪና ብቻ የተከለለ፣ መሄጃና መመለሻው የተለየ መንገድ ተከፈተ። በመንገዱ ዳር ቀይ ክብ ያለባቸው ምልክቶች ተተከሉ፣ ስሙም ከዚያ ጋር ሄደ። በአንድ ቀን ብቻ፣ ኦገስት 29፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ መኪኖች ከ12,000 ቶን በላይ አደረሱ። ሥራው በኖቬምበር 16 አበቃ። ከሹፌሮቹ አራት እጅ ሦስቱ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ጦሩ በቆዳ ቀለም ተከፋፍሎ በነበረበት ዘመን ብዙዎቹን ጥቁር ወታደሮች መሪና አካፋ ነበር ያስያዟቸው። እነሱም በመሪው አሳዩ።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የብረት ሰሌዳ ግን መኪናው ለጦሩ የተረከበው በ1945 እንደሆነ ይናገራል። ሬድ ቦል ካበቃ በኋላ።

«መኪናው እዚያ አልነበረም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። አባቴ ግን ነበር።»

ምን ይባላል? ዝም አልኩ። በየሰልፉ የሚወጣው የታደሰ መኪና ሁሉ ኖርማንዲ የወረደ ነው። ፓራውልቱ ላይ ታዋቂ ክፍለ ጦር ያልተጻፈበት ብርቅ ነው። ካንሳስ መጋዘን ውስጥ ድንች ሲያመላልስ ጦርነቱ ያለቀበት ጂኤምሲ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ግማሽ ሚሊዮን ተሠርቶ አንድም አለመኖሩ ያስገርማል። ይህ ያናድደኛል። የእሳቸው ጥያቄ ግን ከዚያ የተለየ ነው። ሳንሱር ከፎቶው የፋቀውን የአባታቸውን ሻምበል አንድ ቦታ ላይ ተጽፎ ማየት ይፈልጋሉ። ይህን እምቢ የሚያሰኝ ደንብ የለኝም።

እዚህ ላይ ነው ስቲከር ቦታውን ያገኘው። ሱቄ ውስጥ ማግኔት ያለው ስስ ሉህ እሸጣለሁ፤ የቤተሰብ መኪናቸውን በሥራ ሰዓት ታክሲ የሚያደርጉ ሰዎች የሚገዙት። የፓራውልቱን ቀለም ናሙና ወስጄ በዚያው አረንጓዴ ቀባሁት። የአባታቸውን ሻምበል በነጭ በእጄ ስቴንስል መታሁበት። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ይህ የአባቴ ሻምበል ነው የሚል መስመር። ለሰልፍ ይለጠፋል፣ ሲመለሱ ይነሳል። ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፤ መኪናው በራሱ ያሳለፈው በቀለም ይጻፍ፣ የተዋሰው ደግሞ የሚነሳ ይሁን። (ለሚሞክር ሰው፤ አዲስ ቀለም ሳምንታት ቆይቶ በደንብ ካልጠነከረ ማግኔት አይለጠፍበትም። ውሃ ከሥሩ ስለሚይዝ አያድርበትም። አሸዋ ካለበትም ይፍቃል፤ ሁለቱንም ገጽ መጥረግ ነው።)

ወሬው ሰፈር ደርሶ ኖሮ የእኛም ሰዎች ለማየት መጡ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቀድሞ የጦር ሠራዊት ሹፌር ነበሩ የመጀመሪያው። መኪናውን አንዴ ዞሩት፣ ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ፣ «55»ን አነበቡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኦራል ላይ ሆነን ጎማውን ከጋቢና እንነፋ ነበር» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ያ ጥበብ ኦራል ላይ አለ። ከዚያ ወደ ባዶው ፓራውልት ጠቆሙ። «እንዲያው ምን አለበት ቃኘው ብትልበት? አንበሳም ጣል አድርግበት እንጂ አንተ ልጅ! የእኛ ልጆች ኮሪያ በዚህ አይደል የሄዱት?»

ነገሩ መሠረት አለው። ቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ሲገባ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው የተሰለፈው፣ ትጥቁም የአሜሪካ ነበር። ኮሪያ ላይ ጂኤምሲዎች ገና በሥራ ላይ ነበሩ። ይኸኛው ግን ያኔ ሳይሆን አይቀርም ቀይ ተቀብቶ የገጠር እሳት ሲያጠፋ።

«ጋሼ፣ እሱን በማግኔት እሠራልዎታለሁ» አልኳቸው።

«በማግኔት? ቃኘው በማግኔት?» ብለው ተቆጡ። እስካሁን አልታረቁኝም።

ኮከቡን ያለ ክብ ቀባነው። ቲፒ 55 ገብቷል፣ ቢጫውም ክብ ገብቷል። አንድ ጽሑፍ ብቻ ቀርቶናል፣ በሱም አልተግባባንም። ጦሩ ራዲያተር ውስጥ ፀረ ብርድ ሲሞላ የምርቱን ስምና ዓመቱን ኮፈኑ አካባቢ ይጽፍ ነበር፤ «ፕሬስቶን 44» የሚል ፎቶ ላይ ይታያል። ሌላው መካኒክ ደግሞ እንዳይሞላ። ባለመኪናው «45 በልልኝ፣ የተረከበበት ዓመት ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ አሁን ያለው ባለፈው መኸር ራሳቸው የሞሉት ስለሆነ የሚጻፈው የዘንድሮው ዓመት ነው እላለሁ። ዳኛ የሚባሉት የሰልፍ ሰዎች ነጥብ ይቀንሱብናል ይሉኛል። ይቀንሱ። ስቴንስሉን ሁለቱንም ዓመት ቆርጬ አስቀምጫለሁ፣ ቅዳሜ ሲመጡ እንጨቃጨቃለን።